ዳገት ያስተማረው ሥልጣኔ፤ ከአንዲስ ተራሮች እስከ ጌዴኦ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ፣ በሻሸመኔና በሐዋሳ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ዲላ ከተማ ይደርሳል። ከዲላም አልፎ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ ሲያመራ በግራና በቀኝ የሚያየው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላቸውን ዘርግተዋል፤ ከእነርሱ ዝቅ ብሎ የእንሰቱ ሰፋፊ ቅጠል ይወዛወዛል፤ ከእንሰቱም ሥር የቡናው ተክል ተጠግቶ ይታያል። አገሩን የማያውቅ እንግዳ ይህን ሲመለከት፣ «ምን ያለ የተባረከ ጫካ ነው! ሰዉስ የት ነው የሚኖረው? የሚያርሰውስ የት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

መልሱን ሲሰማ ግን ይደነቃል። ጫካ ያለው ስፍራ እርሻ ነው። ሰው የለበትም ብሎ የገመተውም አገር በኢትዮጵያ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ነዋሪ 847,434 ሆኖ ተገኝቷል፤ የዞኑ ስፋት ደግሞ ከ1,210 ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ይህ ማለት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 700 ያህል ሰው ይኖር ነበር ማለት ነው። በዚያው ዘመን የመላው ኢትዮጵያ አማካይ ቊጥር በካሬ ኪሎ ሜትር 70 ሰው እንኳ አይሞላም ነበር።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መሬቱ ሜዳ አይደለም፤ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዝናቡ ብርቱ ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ በብዙው ስፍራ አይቻልም። ይህን የመሰለ ገደል ይህን ያህል ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት እየመገበ ሲኖር አፈሩ ታጥቦ ወደ አባያ ሐይቅ ያልወረደው ስለ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በሚገባ ለመመለስ አስቀድመን ወደ ሩቅ አገር መሻገርና ዳገት ሌሎችን ሕዝቦች ምን እንዳስተማራቸው መመልከት ይጠቅመናል።

ተፈጥሮ ይጠይቃል፣ ሰው ይመልሳል

በትምህርት ቤት የጥንት ታሪክ ስንማር የሥልጣኔ መወለጃ የታላላቅ ወንዞች ዳር መሆኑን እንሰማለን። ግብፅ በዓባይ፣ መስጴጦምያ በጤግሮስና በኤፍራጥስ፣ የጥንት ሕንድም በኢንዱስ ወንዝ ዳር አደጉ ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በዓለም ላይ ወንዝ የሞላበት ሜዳ ሳያገኙ፣ ይልቁንም አቀበትና ውርጭ፣ ምድረ በዳና ድንጋይ ተሰጥቷቸው ታላቅ ሥራ የሠሩ ሕዝቦች አሉ። ከእነዚህም ዋነኞቹ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የኖሩት ናቸው።

የአንዲስ ታሪክ ከኢንካዎች በፊት እጅግ ርቆ ይጀምራል። ዛሬ ፔሩ በሚባለው አገር በሱፔ ወንዝ ሸለቆ የተገኘው የካራል ከተማ ዕድሜው 5,000 ዓመት ገደማ ነው። የአገሩ ጠረፍ ዝናብ የማያውቀው ምድረ በዳ ሲሆን ባሕሩ ግን በዓሣ የተሞላ ነው። ስለዚህ በሸለቆው ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ጥጥ እያበቀሉ፣ ጥጡም ለዓሣ አጥማጆች መረብ እየሆነ፣ ባሕሩና ሸለቆው እርስ በርሳቸው እየተረዳዱ ያን የመሰለ ከተማ ለመሥራት በቁ። ምድረ በዳው «ብቻህን አትኖርም» ብሎ አስተማራቸው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ በሰሜን ፔሩ ጠረፍ ሞቼ የሚባሉት ሕዝቦች ከተራራ የሚወርደውን ውሃ በረጃጅም ቦይ እየጠለፉ በረሓውን አለሙት። ዳሩ ግን በዚያ ጠረፍ ኤል ኒኞ የሚባል የባሕር ሙቀት መለዋወጥ አለ። ይህም በሚመጣበት ጊዜ ዝናብ በማያውቀው አገር ላይ ጎርፍ ይወርዳል፤ ዓሣውም ይሸሻል። በ6ኛው መቶ ዓመት የደረሰው ጎርፍና እርሱን ተከትሎ የመጣው ረዥም ድርቅ የሞቼን ኀይል ካደከሙት ምክንያቶች መካከል መሆናቸውን የታሪክ ተመራማሪዎች ይናገራሉ።

ከባሕር ወለል በላይ በ3,800 ሜትር ከፍታ ላይ በቲቲካካ ሐይቅ አጠገብ የነበረው ቲዋናኩ የተባለው ሥልጣኔ ደግሞ ጠላቱ ውርጭ ነበር። የቲዋናኩ ገበሬዎች መሬቱን በመደብ እያሳደጉ በመደቡና በመደቡ መካከል ውሃ የሚቆምበት ቦይ ቆፈሩ። ቀን በፀሐይ የሞቀው የቦይ ውሃ ሌሊት ሙቀቱን ቀስ እያለ ሲለቅ ሰብሉን ከውርጭ ይጠብቀው ነበር። ይህ ዘዴ ብዙ ሕዝብ መገበ። በኋላ ግን፣ ከ1000 ዓመተ ምሕረት ወዲህ፣ ዝናቡ ለብዙ ዘመን ሲጎድል ሐይቁ ሸሸ፣ ቦዩ ደረቀ፣ ከተማውም ተፈታ። ይህን የሚመሰክረው የሰው ጽሑፍ ሳይሆን በፔሩ ተራራ ራስ ላይ ያለው የኬልካያ የበረዶ ክምር ነው። በረዶው በየዓመቱ ተነባብሮ ስለ ተኛ ሊቃውንት ሰርስረው አውጥተው እንደ መጽሐፍ ገጽ ያነቡታል።

የኢንካዎች ብልኀት

ኢንካዎች የመጡት እነዚህ ሁሉ ካለፉ በኋላ ነው። ዋና ከተማቸው ኩስኮ በ3,400 ሜትር ከፍታ ላይ የተሠራች ናት። በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ፓቻኩቲ በተባለው ንጉሣቸው ዘመን መስፋፋት ጀምረው መቶ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ግዛታቸውን ከዛሬው የኮሎምቢያ ደቡብ ጠረፍ እስከ ቺሌ አደረሱት። ብረት አልነበራቸውም፤ የመንኮራኩር ጋሪ አልነበራቸውም፤ ፊደልም አልነበራቸውም። ሒሳባቸውን ይይዙ የነበረው ኪፑ በሚባል ቋጠሮ ባለው ገመድ ነው። ታዲያ በምን ኀይል ነው ይህን ሁሉ አገር የገዙት?

መልሱ ከአባቶቻቸው የወረሱትን የተራራ ዕውቀት አደራጅተው በሥራ ላይ ማዋላቸው ነው። በአንዲስ አንድ ሰው በጥቂት ቀን የእግር ጉዞ ውስጥ ቆላውን፣ ወይና ደጋውን፣ ደጋውንና ውርጩን ሁሉ ያያል። በቆላው በርበሬና ጥጥ፣ በመካከሉ በቆሎ፣ ከዚያ በላይ ድንችና ኪንዋ፣ ከሁሉም በላይ ላማ የሚሰማራበት የሣር ሜዳ አለ። አንዱ ጎሣ በአንድ ስፍራ ብቻ ሰፍሮ ቢቀር አንድ ክፉ ዓመት ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ዘመዳሞች በየከፍታው ተከፋፍለው ይሰፍሩና ያመረቱትን ይለዋወጡ ነበር። የአንዲስን ታሪክ በማጥናት የታወቀው ጆን ሙራ ይህን ሥርዐት በተራራ ላይ በየደረጃው እንደ ተበተኑ ደሴቶች አድርጎ ገልጾታል።

ቁልቁለቱንም በድንጋይ እርከን ቈረጡት። እርከኑ ሲሠራ ከሥር ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከላይ ለም አፈር ይደለደላል፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው አፈሩን ሳይዝ ሰርጎ ይወርዳል። የእርከኑ ድንጋይም ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ለአዝመራው ይሰጣል። ውርጩን እንኳ ሳይቀር ሥራ አስያዙት። ድንቹን ሌሊት ለውርጭ፣ ቀን ለፀሐይ እየሰጡ፣ በእግራቸውም እየረገጡ ውሃውን ያወጡና ቹኞ የሚባል ደረቅ ምግብ ያደርጉታል፤ ቹኞም ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ይህ ምግብ በየተራራው ወገብ በተሠራ ጎተራ ይከማች ነበር። ጎተራውን ከጎተራ፣ አውራጃውንም ከአውራጃ የሚያገናኘው መንገድ ከነቅርንጫፉ 30,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ጎተራውን የሞላው፣ እርከኑን የካበው፣ መንገዱን የጠረገው ሕዝቡ በተራ በተራ የሚሰጠው የሥራ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ይህን ታላቅ መንግሥት ያፈረሰው የአየር ጠባይ ነውን? አይደለም። በ1532 ፍራንሲስኮ ፒዛሮ 168 ሰዎች አስከትሎ ካሃማርካ ሲደርስ ኢንካዎች ሁዋስካርና አታሁዋልፓ የተባሉት ወንድማማቾች ባነሡት የእርስ በርስ ጦርነት ደክመው ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣው ፈንጣጣም ሕዝቡን ይፈጀው ነበር። በኋላም የእስፓኝ ገዦች የተረፈውን ሕዝብ ከየተራራው እያወረዱ በመንደር ሰበሰቡት። ያን ጊዜ እርከኑ የሚጠግነው አጣ፤ ቦዩ የሚጠርገው አጣ። ተራራው ያው ተራራ ነው፤ ዝናቡም ያው ዝናብ ነው፤ ዛሬ ግን በፔሩ ብዙ የጥንት እርከን ጾሙን የሚያድር ሆኗል።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንማራለን። እርከን የድንጋይ ካብ ብቻ አይደለም። የሚክበው ሰው፣ የሚያስተባብረው ሕግ፣ የሚያወርሰው ልማድ ካልተጨመረበት ሁለት ሦስት ትውልድ ሳያልፍ ተመልሶ ገደል ይሆናል።

ድንጋይን በሥር የተካ ሕዝብ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የጌዴኦ አገር በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ከንፈር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ምዕራባዊው ጫፍ ወደ አባያ ሐይቅ ቆላ ይመለከታል፤ በቡሌ በኩል ያለው ደጋ ግን ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልግና በክረምት ማብቂያ፣ በብዛት ይወርዳል። እንደ አንዲስ ሁሉ እዚህም በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ የአየሩ ጠባይ ይለዋወጣል። በደጋው እንሰትና ገብስ፣ በወይና ደጋው እንሰትና ቡና፣ ዝቅ ባለው ስፍራ በቆሎና ፍራፍሬ ይገኛል። የደጋው ሰው ከወይና ደጋው፣ ገበሬው ከጎረቤቱ ከጉጂ ከብት አርቢ ጋር በገበያ እየተገናኘ ሲለዋወጥ ኖሯል። ዲላም ከተማ የሆነችው ደጋና ቆላ የሚገናኙባት የገበያ በር በመሆንዋ ነው።

ከጌዴኦ በስተ ምዕራብ ያለው የኮንሶ ሕዝብ ተራራውን በድንጋይ እርከን አስሮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት አስመዝግቧል። ኮንሶ ዝናብ የሚያንሰው አገር ስለ ሆነ እያንዳንዱን ጠብታ ማቆር ነበረበት። ጌዴኦ ደግሞ የዝናብ እጥረት የለበትም፤ ጭንቀቱ የዝናብ ብርታት ነው። ስለዚህ ኮንሶ በድንጋይ ያሰረውን አፈር ጌዴኦ በዛፍ ሥር አሰረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሁሉ በላይ ያለው ትልቅ ዛፍ የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል፤ ከዛፉ ያመለጠውን ጠብታ የእንሰቱ ቅጠል ይቀበለዋል፤ ከእንሰቱ የወረደውን ቡናው፣ ከቡናውም የተረፈውን በመሬት ላይ የተነጠፈው ቅጠልና አረም ይቀበለዋል። አፈሩ ላይ ሲደርስ ዝናቡ ቁጣው በርዶ ይሰርጋል እንጂ አይጋልብም። ከዛፉ የሚረግፈው ቅጠል በስብሶ ማዳበሪያ ይሆናል። ብርብራን የመሰለ ዛፍ ደግሞ እንደ ባቄላና እንደ አተር ወገኑ ስለ ሆነ አፈሩን ያበለጽጋል። ገበሬው የሚሠራው በበሬ ሳይሆን በእጅ መሣሪያ ስለ ሆነ መሬቱ ተገልብጦ ለጎርፍ አይጋለጥም። የታጨደውንም አረም አያቃጥለውም፤ እዚያው ያነጥፈዋል። ትልቅ ዛፍ ከመቈረጡ በፊት ከሥሩ የሚተካው ችግኝ መኖሩ ይታያል።

የዚህ ሁሉ ምሰሶ እንሰት ነው። እንሰት እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ አንድ ወር ዝናብ ስለ ዘገየበት የሚከስል አይደለም። ግንዱ ውሃ ያቁራል፤ ለብዙ ዓመታት እያደገ ይቆማል፤ ባለቤቱም በተቸገረ ጊዜ ዕድሜው ከፈቀደው መካከል ቈርጦ ይበላዋል። በቁሙ ያለ ጎተራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሴቶቹ ግንዱን ፍቀው፣ ሥሩን ደቁሰው በጉድጓድ ያብላሉታል፤ ከዚህም ቆጮና ቡላ ይገኛል። አሚቾው ተቀቅሎ ይበላል፤ ቃጫው ገመድ ይሆናል፤ ቅጠሉ ለመጠቅለያና ለከብት ይውላል። በጉድጓድ የተቀመጠው ቆጮ ብዙ ወራት ይቆያል። ኢንካው ድንቹን በውርጭ አድርቆ ለክፉ ቀን እንዳስቀመጠ ሁሉ የጌዴኦ እናትም እንሰቷን አብላልታ ታስቀምጣለች። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ ለአንድ ጥያቄ ተመሳሳይ መልስ ሰጡ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ብዙውን የሰሜን አገር ባጠፋ ጊዜ እንሰት አብቃይ አገሮች በአንጻሩ መትረፋቸው የሚዘነጋ አይደለም።

ቡናውም ለገበያ ነው። የይርጋ ጨፌ ቡና ስሙ በዓለም የታወቀ ሲሆን መንግሥታችን የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተከራክሮ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ደርሷል። እንግዲህ በጌዴኦ ጓሮ እንሰቱ ለሆድ፣ ቡናው ለኪስ፣ ዛፉ ለሁለቱም ጥላ ነው። አንዱ ከተነሣ ሌሎቹ ብቻቸውን አይቆሙም።

ሕግስ የት አለ? ጌዴኦ ባሌ የሚባል የዕድሜ ደረጃ ሥርዐት አለው። በዚህ ሥርዐት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ የሥርዐቱም መሪ አባ ገዳ ይባላል። ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ስለ መሬት፣ ስለ ድንበርና ስለ ዕርቅ ይመክራሉ። ከእርሻው መካከል ደግሞ በአምልኮና በልማድ የተከበሩ፣ እጅ የማይነካቸው ደኖች አሉ። የኢንካ ሕግ ከንጉሥ ወደ ሕዝብ የሚወርድ ነበር፤ ንጉሡ ሲያዝ ሁሉ ፈረሰ። የጌዴኦ ሕግ ግን በየመንደሩ ዛፍ ሥር ስለ ተቀመጠ ብዙ መንግሥት ሲወጣና ሲወርድ እርሱ ቆይቷል።

የድንጋዮቹ ምስክርነት

በዚህ አገር ሰው ከጥንት ጀምሮ ተደራጅቶ መኖሩን የሚመሰክሩ ድንጋዮች በተራሮቹ ወገብና ትከሻ ላይ ቆመዋል። በጌዴኦ ዞን 60 ያህል በሚሆኑ ስፍራዎች ከ10,000 በላይ ትክል ድንጋዮች እንዳሉ ይገመታል። በአፍሪካ ይህን ያህል ትክል ድንጋይ በአንድ አካባቢ የተሰበሰበበት ስፍራ የለም። ከእነዚህም ቱቱ ፈላ፣ ጨልባ ቱቲቲና ሳካሮ ሶዶ ይጠቀሳሉ። አንዳንዶቹ ድንጋዮች እስከ 6 ሜትር ይደርሳሉ። ከፊሎቹ የወንድነት ምልክት አምሳል ተደርገው የተጠረቡ ሲሆን በቱቱ ፈላ ደግሞ የሰው መልክ የተቀረጸባቸው ይገኛሉ። ፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶም በቱቱ ፈላ ባደረገው ቁፋሮ ድንጋዮቹ ከመቃብር ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አሳይቷል።

ቀድሞ የእነዚህ ድንጋዮች ዕድሜ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይመስል ነበር። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጡት ጥናት ግን በሳካሮ ሶዶ ያሉት ድንጋዮች በመጀመሪያው መቶ ዓመት ዓመተ ምሕረት የተተከሉ መሆናቸውን አስረድቷል። ይኸውም ግምቱን በአንድ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ገፋው ማለት ነው። ከዚያ የተገኘው አብዛኛው ባልጩት ደግሞ ምንጩ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሰሜን ኬንያ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሰዎች በተራራቸው ተዘግተው የኖሩ አልነበሩም፤ ከሩቅ አገር ጋር ይለዋወጡ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። ድንጋይ የሚፈልጥ፣ የሚጠርብ፣ ዳገት የሚያወጣ ሰው በዚያን ቀን አያርስም፤ ሌላው ያመረተውን ይበላል። አሥር ሺህ ድንጋይ መተከሉ የሚነግረን በዚያ ዳገት ላይ ከዕለት ጉርስ የተረፈ ምግብና ሰውን የሚያስተባብር ሥርዐት እንደ ነበረ ነው። ይህም የሆነው በሰሜን አክሱም ገና ወደ ታላቅነትዋ በምትወጣበት ዘመን ነው።

አክሱምን ካነሣን ዘንድ ከእርስዋም የምንማረው አለ። ካርል ቡትዘር የተባለው ሊቅ በ1981 ባቀረበው ጥናት አክሱም ባደገችበት ዘመን ዝናቡ የተመቸ እንደ ነበረ፣ ሕዝቡ ሲበዛና ደኑ ሲመነጠር ግን የቁልቁለቱ አፈር እየታጠበ እንደ ደከመ አስረድቷል። የቀይ ባሕር ንግድ ከእጅዋ መውጣቱ ሲጨመርበት ከተማዪቱ ዝቅ አለች። አክሱም ሐውልት ማቆም ያላቃታት፣ አፈሯን ማቆየት ግን ያቃታት ሆነች። ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዲሉ፣ መሬቱ ለሰጠው በረከት የተመለሰለት ጠጠር ሆኖ ቀረ።

የዛሬው ፈተና

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ ከተማ በተደረገው ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ለአገራችን ይህ ታላቅ ደስታ ነበር። ነገር ግን የላሊበላን ቤተ ክርስቲያን መጠበቅና የጌዴኦን ጓሮ መጠበቅ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ድንጋይ ነው፤ ቢጠበቅ ይቆማል። ሁለተኛው ግን ሕያው ነው። በየዓመቱ የሚተክለው፣ የሚቈርጠው፣ የሚያነጥፈው ገበሬ ከሌለ ቅርሱ የለም።

ፈተናውም ብዙ ነው። አባት ለልጆቹ መሬቱን ሲያካፍል፣ ልጅም ለልጆቹ ሲያካፍል የእያንዳንዱ ድርሻ እየጠበበ ሄዷል። ጓሮው ሲጠብ ባለቤቱ ቶሎ ገንዘብ የሚያመጣለትን ብቻ ለመትከል ይገደዳል፤ በእንሰቱ ስፍራ ጫት፣ በዋንዛው ስፍራ ባሕር ዛፍ ይገባል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በ1960ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሊቃውንት ከታወቀ ወዲህ በብዙ እንሰት አብቃይ አገር የገበሬውን ልፋት ሲያጠፋ ኖሯል። የቡና ዋጋ በወደቀ ዓመት እንሰቱን ነቅሎ ቡና ብቻ የተከለ ቤተ ሰብ ኪሱም ሆዱም ባዶ ይሆንበታል።

ከዚህም በላይ ሰላም አለ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። እንሰት እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ቡናም እንዲሁ። የተፈናቀለ ሰው የተወውን ጓሮ ተመልሶ ቢያገኘው እንኳ የሚያገኘው ሌላ ጓሮ ነው። በጥንት አፈ ታሪክ የጌዴኦ አባት ዳራሶና የጉጂ አባት ጉጆ ወንድማማቾች ናቸው መባሉ ከንቱ ተረት አይደለም። ደጋና ቆላ ካልተለዋወጡ ሁለቱም እንደሚራቡ አባቶች ያውቁ ነበር ማለት ነው።

የመሬት ባለቤትነትም ነገር የሚታለፍ አይደለም። በቀድሞው የገባር ሥርዐት ቡናውን የተከለው ገበሬ የቡናው ጌታ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. በሚጭሌ የተነሣው ዐመፅና በዚያ የፈሰሰው ደም የዚህ ምሬት ውጤት ነው። የ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ ያን ሥርዐት አስወገደው። ትምህርቱ ግን ዛሬም ይሠራል፤ ዛፍ የሚተክል ሰው ነገን የሚያምን ሰው ነው። መሬቱ ነገ ከእጁ ይወጣል ብሎ የሚሠጋ ሰው ዋንዛ አይተክልም፤ በዋንዛው ከሰል ያከስላል።

ለተማሪውና ለወጣቱ ሠራተኛ

በኔዘርላንድ አገር በዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ2002 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም የቀረበ የዶክትሬት ጽሑፍ አለ። ርእሱ የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት የሚል ሲሆን መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበታል። ያ የጥያቄ ምልክት ለእኛ የተተወ ይመስለኛል። ያለፈውን አባቶች መልሰውታል፤ የወደፊቱን የሚመልሰው በዲላ ዩኒቨርሲቲ በመማሪያ ክፍል የተቀመጠው ወጣትና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ማኅተም የያዘው ወጣት ነው።

ተማሪው ስለ ማቹ ፒቹ ሲጠየቅ ሳይቸገር ይመልሳል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ከትምህርት ቤቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ትክል ድንጋይ አይቶ ካላወቀ፣ አያቱ ብርብራውን ከቡናው አጠገብ ስለ ምን እንደ ተከሉ ጠይቆ ካልጻፈ ትምህርቱ ጎድሏል። የአንዲስ ገበሬ የኪፑውን ገመድ ማንበብ የሚችል ልጅ ሳያተርፍ ስላለፈ ዛሬ በየቤተ መዘክሩ የተሰቀለው ብዙው ገመድ ዲዳ ሆኖ ቀርቷል። የጌዴኦም ሽማግሌ የሚያውቀው ሁሉ ካልተጻፈ እንዲሁ ይሆናል።

ወጣቱም ሠራተኛ በቢሮው ያዘጋጀውን የልማት ዕቅድ ይዞ ወደ መንደር ሲወጣ፣ ጓሮው የተዘበራረቀ መስሎት «ይህን ሁሉ አጽድታችሁ በመስመር ቡና ብቻ ትከሉ» ለማለት ይፈተን ይሆናል። ከመናገሩ በፊት በሶንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «አባቴ፣ ይህ ዛፍ እዚህ የቆመው ስለ ምንድን ነው?» ይበል። ምናልባት የሚሰማው መልስ ዕቅዱን ያሻሽልለታል። ምናልባትም ሽማግሌው ከእርሱ ስለ እንሰት በሽታ መከላከያ፣ ስለ ተሻለ ችግኝና ስለ ቡና ገበያ የሚማሩት ይኖራል። ሁለቱ ዕውቀቶች ሲገናኙ ነው ዳገቱ የሚጸናው።

ቲዋናኩ ዝናብ ሲከዳት ተፈታች። የኢንካ እርከን ሰው ሲከዳው ፈረሰ። የአክሱም አፈር ዛፍ ሲከዳው ታጠበ። የጌዴኦ ዳገት ዝናቡም፣ ዛፉም፣ ሰዉም እስከ ዛሬ አልከዱትም። ነገ በወናጎ መንገድ የሚያልፍ እንግዳ ዛሬ የምናየውን አረንጓዴ አይቶ «ምን ያለ ጫካ ነው!» ብሎ እንዲሳሳት ከፈለግን ዛሬ የሚተከለው ችግኝ፣ የሚታረቀው ድንበር፣ የሚጻፈው የሽማግሌ ቃል ለነገ አይቆይም።